ጦይባ ጎርጎራ ላይ ስትወልድ

— ፕሮንቶ! ሃሎ! ... አዎ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ነው። ... እናትዓለም ነኝ፣ አዋላጇ። አንተ ማነህ?

ጣልያኑ ሐኪም በጠዋት ወደ ጎንደር ተነሥቷል። እናትዓለም ሦስት ሴቶች ሰብስባ ማዋለድ ስታስተምር ነበር ስልከኛው አካሉ ሮጦ የጠራት። ተማሪዎቿም ተከትለዋት መጥተው ስልኩን ከበቡት።

— የቱ ዩሱፍ? ... ጀልባ ሠሪው! የጦይባ ባል! ... ቀስ በል ልጄ፣ አልሰማህም። ... ወለደች? እሰይ! ... ምን? ደሙ አልቆም አለ?

ፊቷን ወደ ተማሪዎቿ መለሰች።

— ወልዳለች፤ ደሙ አልቆመም። ልብ ብላችሁ ስሙ!

— ዩሱፍ፣ መዲና አብራት አለች? ... ደግ፤ እሷን እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ጦይባ የተኛችበት ክፍል ከስልኩ ይርቃል? ... ግድግዳ ብቻ ነው? እንግዲያው የምልህን በመስኮቱ እየጮህህ ለመዲና ንገራት፤ የምትልህን ደግሞ ለእኔ። ... የምን የሴት ነገር! ዛሬ እፍረት የለም፣ ሚስትህ ናት። እንግዴ ልጁ ወጥቷል ወይ በላት። ... ወጥቷል። ዘርግታ አይታዋለች? ... ምንም አልጎደለውም። ጥሩ።

— አሁን ከእምብርቷ በታች ትዳስሳት። እንደ ሊጥ ነው ወይስ እንደ ግንባር ይጠጥራል? ... ሊጥ። ማህፀኗ ዝሏል። እስኪጠጥር ትሻት፣ በርትታ ትሻት! ልጁንም ጡት ያስይዙላት። ... እናትህ ምን አሉ? ... ተነሥታ ትቁም? የለም፣ የለም! እንደ ተኛች እግሯን ከፍ ያድርጉላት፤ ልብስ ይደርቡላት። እማማ፣ ይታገሡኝ በላቸው።

— አካሉ፣ ወንድሜ፣ አትጎትተኝ! ... ጣልያኑ መቶ አለቃ መስመሩን ይፈልገዋል? ሰው ልትሞትብን ነው በለው!

— ሃሎ! ትሰማኛለህ? ... ጠጠረ? ተመስገን! ... ምን? ተመልሶ ላላ? ደሙም ፈሰሰ?

እናትዓለም ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተማሪዎቿን አየቻቸው።

— ይጠጥርና መልሶ ይላላል። ለምን? ... እናንተን እኮ ነው! ... የሺአረግ፣ ምን አልሽ? ጮክ በይ። ... ሽንቷ? ጎሽ! እኔስ እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?

— ዩሱፍ! ጦይባ ሽንቷን የሸናች መቼ ነው? ... ከትናንት ወዲህ የለም? በል፣ መዲና ያችን ቀጭን የጎማ ቱቦ ቀቅላ ታስገባላት፤ ሽንቷን ታውጣላት። ፊኛዋ ሞልቶ ነው ማህፀኗ አልጠጥር ያለው። ... ታውቃለች፣ እዚህ እያለች ሠርታዋለች። ... ብቻዬን ፈራሁ አለች? እናትዓለም እዚሁ አለች፣ የትም አልሄደችም በላት።

ከዚያ ወዲያ የሰው ድምፅ ጠፋ። ሽቦው ብቻ ይጮኻል። አካሉ ባንድ እግሩ ቆሞ በሩን በሩን ያያል። እናትዓለም ሳታውቀው ግራ እጇ ጠረጴዛውን ያሽ ነበር።

— ሃሎ ... ዩሱፍ ... አለህ? ... ወጣላት? ጣሳ ሙሉ! ከዚያስ? ... እንደ ግንባር! ደሙስ? ... ጠብ ጠብ ብቻ። ኧረ ተመስገን! ... ጠጠረ፣ ልጆች፣ ጠጠረ! ... እ? ምን አለችህ? ... ሰደበችህ? በመስኮት ምን ታያለህ ብላ?

እናትዓለም በሳቅ ፈነዳች።

— ትስደብህ! ደሟ ያለቀ ሴት በምን አቅሟ ትሳደባለች! ... በል አታልቅስ እንግዲህ። ልጁስ፣ ወንድ ነው ሴት? ... አላየህም? ሂድና እየው እንጂ! ... ቆይ፣ ቆይ! መዲና ከአጠገቧ እንዳትርቅ፤ ቶሎ ቶሎ እየዳሰሰች፣ ላላ ካለ ደግሞ እንደገና ... ሃሎ? ... ዩሱፍ? ... ሃሎ?

መስመሩ ተቆርጧል። እናትዓለም ስልኩን ሰቀለችና ወንበር ስባ ከተማሪዎቿ መካከል ተቀመጠች።