ለገመቹ ልቅሶ የወጣው ፈረስ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፈረስ ላይ የወጣን ሰው ሥራ ሠራ የሚለው አልነበረም። የእገሌ ፈረስ ሮጠ፣ የእገሌ ፈረስ አሸነፈ፣ ይኸው ነው ወሬው። ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ ጆንያ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? እኔ ግን የጋላቢ ሚስት ነበርኩ። ገመቹ ይባላል፣ የመጀመሪያው ባሌ፣ እናንተ አታውቁትም፣ ፎቶ እንኳን የለውም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተጋባነው። እና የዚያን ሥራ ልፋት የማውቀው እኔ ነኝ፣ ጭኑን በቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩና።

ያኔ ጫማ የለም። እርካቡን የሚይዙት በእግር አውራ ጣት ነው። ታዲያ ጣቱ ያብጣል፣ ጥፍሩ ይነቀላል፣ ሌላ ይበቅላል፣ ደግሞ እሱም ይነቀላል። ጭኑ ተልጦ ቁጭ ማለት አቅቶት ቆሞ የሚበላበት ቀን ነበር። እና ጎረቤቶቻችን ይስቁበታል፣ «ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ምን ደከመው?» እያሉ። ቁጭ ብሎ! ጉግስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የት ታዩታላችሁ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል። የሚያባርረው ዱላ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ደግሞ ፈረሱን ሳያቆም ወገቡን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ይዞርና በጋሻው ይመክታል። ልጓሙም ጋሻውም በአንድ እጅ ነው። ፈረሱን በጉልበቱ ነው የሚነዳው። እስቲ አንተ፣ እዚያ ዱካህ ላይ ቁጭ እንዳልክ ዞር ብለህ ግድግዳውን እየው። አየህ? ወገብህ ጮኸ። እሱ ይሄን የሚያደርገው እየጋለበ ነው።

ፈረሱ ዳማ ነበር፣ መልኩም ዳማ፣ ስሙም ዳማ። የገመቹ ግን አልነበረም፣ የአንድ ፊታውራሪ ነው፣ እዚሁ መቱ ብዙ ቡና ያላቸው ሰው። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገውም የገራውም ገመቹ ነው። ታዲያ አገራችን ደህና ሰውን በፈረሱ ስም ይጠራል አይደል፣ ፊታውራሪው አባ ዳማ ተባሉ። ሲፎክሩ አባ ዳማ፣ እልፍኝ ሲገቡ አባ ዳማ። ዳማ ላይ ግን አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም፣ እሳቸው የሚሄዱት በበቅሎ ነው፣ እሷንም ሰው እየሳበላቸው። ገመቹ ያው ገመቹ ነው።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ከጎሬ ሹማምንት ይመጣሉ ተባለ። ጠዋት ገመቹ ፈረሱን ሊጭን ሲሄድ ጋሻውን ይዤለት አብሬው ሄድኩ። ብንደርስ ፊታውራሪው ለዳማ የብር ልጓም አስደርገውለታል። ያብለጨልጫል፣ መቼም ያምራል፣ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ግን ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ዳማ ገና ቆሞ ሳለ ምራቁ ደም ደም ይላል። ገመቹ ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ይሄን ልጓም አያውቀውም። ስስበው አንገቱን ይወረውርብኛል። በለመደው ልጋልብ፣ የብሩን ለእንግዶቹ ስናሳይ አደርግለታለሁ» አላቸው።

ፊታውራሪው ቁጣ አያውቁም። አፋቸውን እንዲህ ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ «የሚሮጠው ፈረሱ ነው። አንተ ቁጭ በል» አሉት።

በብሩ ልጓም ዳማ ላይ ወጣ።

ታቦቱ ገብቶ ሜዳው ላይ ጉግሱ ተጀመረ። ከጎረቤታችን አገር ከሁሩሙ የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ፣ ዋናቸው ደበላ የሚባል ነው። እሱና ገመቹ በየዓመቱ ይገጥማሉ፣ ከሰላምታ በቀር ሌላ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ታዲያ ገመቹ ሸሸ፣ ደበላ አባረረው፣ ዱላውን አነሳ። ገመቹ ሊመክት ዞረ። ዞሮ ልጓሙን ሳብ ቢያደርግ ዳማ ብረቱ አመመውና አንገቱን ወደ ላይ ወረወረ። ልጓሙ ያለበት እጅ ጋሻውም ያለበት እጅ ነው ብያችሁ የለም? ጋሻውም አብሮ ሄደ። ዱላው ከጆሮው ሥር አገኘው።

ወደቀ። እና ሰዉ ምን ብሎ ቢጮህ ጥሩ ነው? «ፈረሱን ያዙት!» ይላል። ሁሉም ወደ ፈረሱ። እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ገመቹ አጠገብ ያለው ደበላ ብቻ ነበር፣ መሬት ቁጭ ብሎ የገመቹን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ፈረሰኛ ሲሞት ወጉ ምን መሰላችሁ፣ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ በአልቃሹ መሀል ይሳባል። ያለዚያ ሞቶ የተቀበረው ፈረሰኛ ይሁን ማገዶ ለቃሚ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ፊታውራሪው ደጅ ሄድኩ። ለልቅሶው ብቻ ዳማን ይስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ፣ አልጠሉኝም። ለተዝካሩ ወይፈን ልስጥሽ አሉኝ። ፈረሱን አልኳቸው።

«አስካለ፣ አባ ዳማ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ዳማ ለልቅሶ ከወጣ የሞትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ሟርት ነው፣ አይሆንም።»

ወይፈናቸውን ትቼ ወጣሁ። ለልቅሶው የገመቹን ኮርቻ አንድ ዘመድ ተሸከመልን። አቤት እንዴት እንዳፈርኩ። ከባሌ ሞት ይልቅ ያ ኮርቻ በሰው ጀርባ ሲሄድ ማየት ነው አንጀቴን የበላው።

እንዲህ ሆነን እያለቀስን ደበላ መጣ። ብቻውን፣ ግራጫ ፈረሱን እየሳበ። የገመቹ ወንድሞች ብድግ አሉ። በጉግስ ለሞተ ሰው ደም አይጠየቅም፣ ሕጉ ነው፣ ግን ወንድሙን የቀበረ ሰው ሕግ መች ይታየዋል? አንዱ ጦሩን ይዟል። ደበላ ወደነሱ አላየም። ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ መጣና ልጓሙን ዘረጋልኝ።

«ኦቦሌቲ ኮ፣» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ፈረስ ከለከሉት አሉ። ይሄን ሳቢለት። ከዚያ በኋላ እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ወንድሞቹ እኔን ያያሉ። ገዳዩ ነው እኮ፣ ልጆቼ! እጁን እያየሁት ነው፣ ዱላውን የወረወረበት እጅ ነው። እምቢ ብል እዚያው ይወጉታል፣ ገባኝ። ልቤም እምቢ በይ ይለኛል። ግን ኮርቻው በሰው ጀርባ ላይ ነው፣ የገመቹም ቀን ያ ብቻ ነው፣ ሌላ የለውም። ተቀበልኩት። ኮርቻውን ከዘመዳችን አውርደው ግራጫው ላይ ጫኑት፣ ጋሻውን ሰቀሉለት፣ ሳብኩት። ደበላ ከፈረሱ ኋላ ነጠላውን አሸርጦ እየተከተለ ፎከረለት። «አባ ዳማ! አባ ዳማ ገመቹ!» ይላል። የመቱ ፈረሰኞችም ተቀበሉት፣ ሜዳው ሁሉ አባ ዳማ ገመቹ አለ። ፊታውራሪው እዚያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበሩ። በቅሏቸውን አስመጡና ሄዱ። ደበላ ማንም ሳይነካው ወደ ሁሩሙ ተመለሰ።

«ታዲያ እትዬ አስካለ፣ ይቅር አሉት ማለት ነው?» አለ ከሰሚዎቹ አንዱ።

ማነው ይቅር ያለው? እስኪሞት ድረስ ጠልቼዋለሁ። ገበያ ሳገኘው መንገድ ቀይሬ ነበር የምሄደው፣ እሱም ያውቅ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። ግን ልንገርህ፣ ያን ቀን ከዚያ ሁሉ አልቃሽ መሀል ምን ዓይነት ሰው እንደሞተ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው የገደለው ነው።