በአንድ ትንፋሽ እስከየት፦ የአቶ አግማስ ሞላልኝ የሕይወት ጉዞ

ከደሴና ከኩታበር መንገድ ተጉዛችሁ፣ ከዚሁ ከኮምቦልቻም የዕለት ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ወንድማችንን አቶ አግማስ ሞላልኝን ለመሸኘት በዚህ ደብር የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ አሁን የሚነበብላችሁን እናታቸው አትጠገብ በእጇ ጽፋ ሰጥታናለችና፣ ቃሉ ከጎደለ በትምህርቷ ማነስ፣ ከረዘመም በእናትነቷ ይቅር እንድትሉላት ትለምናለች።

አቶ አግማስ ከአባታቸው ከአናጺው ከአቶ ሞላልኝና ከእናታቸው ከአትጠገብ በጥቅምት ወር 1979 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ፤ በአርባ ቀናቸውም ተጠምቀው ወልደ ገብርኤል ተባሉ። ልጅ ሳሉ ዘግይተው ቢራመዱም ባታቸው ከእኩዮቻቸው ሁሉ የወፈረ ነበርና፣ ያያቸው ሰው ሁሉ ይህ ልጅ ኳስ ተጫዋች ይወጣዋል እያለ ሲያደንቅ፣ እናታቸውም ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ በሙቀቱም ወራት እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ታለብሳቸው ነበር። ያ የባት መወፈር የጉልበት ሳይሆን የሕመሙ ምልክት እንደነበረ የተነገራት ከዓመታት በኋላ ነው። እንደዚያ ስትደብቀው የኖረችውን ሐኪሙ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ሲያሳያት፣ ካልሲውን መልሳ ልታለብሳቸው እጇ እምቢ እንዳላት እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ፊደል የቆጠሩት በደሴ ከአንድ የኔታ ዘንድ ሲሆን፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ደረጃ ላይ መውደቅ፣ ከተቀመጡበትም ሲነሡ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እየተከሉ ቀና ማለት ጀመሩ። ሐኪሞች ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም ነው አሉ፤ እናታቸው ጠበሉንም ሕክምናውንም አንዱን በሌላው ሳትተው ያዘች። የደሴ ዳገት ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች አይደለምና፣ አባታቸው ጧት በጀርባቸው አዝለው እያደረሱ፣ ማታም አዝለው እየመለሱ፣ በ1996 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አስፈትነዋቸዋል።

ከዚያም በደሴው ፒያሳ ሬድዮ ይጠግኑ ከነበሩት ከአቶ ሸረፈዲን ዘንድ ተቀምጠው ሙያ ተማሩ፣ ሞባይል ሲመጣም ሞባይል ጠጋኝ ሆኑ። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. ጧት ጧት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ከእንቅልፍ እየባነኑ፣ በሥራ ገበታቸውም ላይ እያንቀላፉ ስላስቸገሩ፣ አቶ ሸረፈዲን፣ «አንተ ሰው፣ ሬድዮው እያወራልህ ትተኛለህ? ዜናው አልጣመህም?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በቤት ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀላቸው፣ ብርድ እንዳይገባም መስኮቱ ሁሉ ተዘጋባቸው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ሕመሙ ከእጅና ከእግር አልፎ ደረት ደርሶ ኖሮ፣ በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው ያጥር ነበር።

በደሴ ያያቸው የአካል ማገገሚያ ባለሙያ አቶ ጀማሉዲን፣ የትንፋሻቸውን ልክ በቤት ሆነው እንዲያውቁት አየር ስበው በአንድ ትንፋሽ የቻሉትን ያህል ቁጥር እንዲቆጥሩ ቢያዛቸው፣ አቶ አግማስ ጥቂት አሰቡና፣ «ቁጥር ማለቂያ የለውም፤ ፊደል ግን ፐ ላይ ያልቃል። ልደርስበት የምችል ነገር ስጠኝ» አሉት። እርሱም ስቆ ተስማማ። በዚያን ዕለት ከሀ ተነሥተው ጀ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ። እናታቸውም በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እየሰማች፣ የደረሱባትን ፊደል በግድግዳው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍ ጀመር።

የደሴ ከፍታና ብርድ ለእንዲህ ያለ ደረት አይስማማም፣ ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ ስለተባለ፣ በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። አባታቸው ከወገብ በላይ ቀና የሚል አልጋ ሠሩላቸው፣ በበሩም አጠገብ ከወንበራቸው ጋር የሚገጥም ጠረጴዛ አቆሙላቸው። አቶ ጀማሉዲን በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት አምጥቶ፣ አየር በአየር ላይ ተደርቦ ደረት እንዲከፈት እንዴት እንደሚጨመቅ፣ አክታ ሲይዛቸውም ከጎድናቸው በታች በሁለት እጅ ይዞ ከሳሉ ጋር እኩል ወደ ላይ መግፋት እንዴት እንደሆነ አስተማረ። እናታቸው መጀመሪያ ላይ አጥንት የምትሰብር እየመሰላት በስሱ ትገፋ ስለነበር፣ አቶ አግማስ፣ «እማዬ፣ ሊጥ የምታቦኪውን ግማሽ ያህል እንኳ ግፊኝ እንጂ» ይሏት ነበር። ይህንንም ጧትና ማታ፣ አንድ ቀን ሳይታጎል፣ ስምንት ዓመት ሠርተውታል።

እጃቸው መሣሪያ መያዝ ሲያቅተው ሥራቸውን አልዘጉም፤ ታናሽ እህታቸውን ነፃነትን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እርሳቸው በአፋቸው እየነገሯት እርሷ በእጇ እየበየደች ይጠግኑ ነበር። ደንበኛ መጥቶ፣ «ባለሙያው ማነው?» ሲል፣ «ግማሹ እኔ፣ ግማሹ እርሷ ናት፤ ከተበላሸ ግን ሙሉ በሙሉ እርሷ ናት» ይሉ ነበር። ስለዚህም ነው ድምፃቸው እንጀራቸው የነበረው።

የግድግዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ከሪማ የፊደሉን ነገር ከሰማች ወዲህ፣ እንደ ሌላው ሰው እንዴት አደርክ ማለትን ትታ፣ በበሩ ብቅ ብላ፣ «አንተ አግማስ፣ ዛሬ የት ደረስክ?» ትላቸዋለች። «ወ ላይ ነኝ፣ እትዬ ከሪማ» ሲሏት፣ «አብሽር፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንዳላይህ!» ብላ ትሄዳለች። ቀስ በቀስ ሰላምታው ለሰፈሩ ሁሉ ተዳረሰ። ነፃነት አንድ ቀን በድምፅ አንድ የሆኑትን ሞክሼ ፊደላት፣ ሐን፣ ሠን፣ ኀን፣ ዐን፣ ፀን ቢዘሏቸው አምስት እንደሚያተርፉ ብትመክራቸው፣ «በሽታው ትንፋሼን ቀንሶብኛል፤ አንቺ ደግሞ ፊደሌን ልትቀንሺብኝ ነው?» ብለው ተቆጧት።

ትዳርን በተመለከተ፣ የሠርግ ጥሪ ይዘው የሚመጡ እናቶች ያንተስ መቼ ነው ሲሏቸው፣ «ትንፋሿን የምታካፍለኝ ስትገኝ» እያሉ ያስቋቸው ነበር። ሲስቁ ግን ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው፣ ቀልዱን ተናግረው ራሳቸው ሳይስቁ ሌላው ሲስቅ በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሳንባ ምች ይዟቸው በደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኙ። ሲወጡ ሐኪሙ እናትና ልጅን አስቀምጦ፣ ወደ ፊት ትንፋሻቸው እየደከመ ስለሚሄድ ጉሮሮአቸው ተበስቶ በመሣሪያ መተንፈስ ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል፣ ለዚህም ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባቸው፣ እንዲህ ባለ ሁኔታም መልሰው መናገር መቻላቸውን እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል ነገራቸው። የፊደሉን ነገር ከአቶ ጀማሉዲን ሰምቶ ስለነበረም፣ «ከበ በታች የወረዱ ዕለት ሳትዘገዩ ኑ» አላቸው። እናታቸው ያንን ቃል እንደ ሱባኤ ያዘችው፤ በ የምትለዋን ፊደል በካላንደሩ ግርጌ ላይ በትልቁ ጻፈቻት፣ ለመንገዱም ልብሳቸውን በሻንጣ አዘጋጅታ አስቀመጠች።

ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ ትንፋሻቸው አንዴ ነ፣ አንዴ ቸ፣ በኋላም ተ ላይ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ለአራት ወራት ካላንደሩ ተን ብቻ ይዞ ዘለቀ፣ እናታቸውም አንዲት ፊደል እንኳ ባለመውረዷ እየተንበረከከች ታመሰግን ነበር። እርሷ ፊደል የለየችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጆሮዋም የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ረፋድ፣ ፊደል ለመቁጠር ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው ነገር ግን ሰባት ዓመት ያህል በግድግዳ በኩል ስትሰማ የኖረችው ወይዘሮ ከሪማ በበሩ ብቅ አለችና፣ «አንተ አግማስ፣ ወላሂ ዛሬ ሀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልካት፤ ሁለተኛዋን የት ጣልካት?» ብላ ሳቀች። ከቤት ማንም አልሳቀም። ነፃነት የያዘችውን መበየጃ አስቀመጠች። አቶ አግማስ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰበሩ። እናታቸው ካላንደሩን ከግድግዳው አውርዳ፣ የተዘለሉትን ሐንና ሠን መልሳ በጣቷ እየቆጠረች ብታሰላው፣ ተ ያለችው ሁሉ ቀ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከበ በታች ወርደው ኖሯል።

ከምሳ በኋላ እርሳቸው በየቃሉ አየር እየሳቡ፣ «እማዬ፣ የዋሸሁሽ ሻንጣውን እንዳታነሺ ነው። ጉሮሮዬን በስተው ትንፋሽ ቢሰጡኝ፣ ነፃነትን በምን አፌ አሳያታለሁ? መብራቱም እንደምታዪው ነው፤ ቢጠፋ መሣሪያው አብሮ ይጠፋል። ያለኝን ትንፋሽ እያወራሁበት ልጨርሰው» አሏት። እናታቸው ግን ልጇ ዝም ብሎም ቢሆን እንዲኖርላት ነበር የፈለገችው፤ ይህንንም ዛሬ ሳትደብቅ እንዲነበብ አዛለች። በማግስቱ ለንስሐ አባታቸው ሄዳ ብትነግራቸው፣ «አእምሮው ጤነኛ ነው?» ብለው ጠየቋት። ነው አለች። «እንግዲያስ ስሚው» አሏት። ወደ ቤት ተመልሳ ሻንጣውን ፈታች፣ ልብሱን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ቦታው መለሰች፤ አንድ ነገር ግን አስማለቻቸው፤ ከእንግዲህ እስከ መጨረሻው አንድም ፊደል እንዳይዘሉባት። እርሳቸውም መሐላቸውን ጠብቀዋል።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ወር ኖሩ፤ ሐኪሙም አቶ ጀማሉዲንም ውሳኔያቸውን ተቀብለው በቻሉት ሁሉ ደግፈዋቸዋል። ነፃነት ስትጀምር ያልቻለችውን ጥገና ሁሉ እስክትችል ድረስ፣ አንድን ትእዛዝ በሦስት ትንፋሽ እየከፋፈሉ አስተማሯት። በዚሁ ጊዜ አቶ ጀማሉዲን፣ ልጇ ፋሲካ በተመሳሳይ ሕመም የታመመችባትን የኩታበሯን ወይዘሮ አልጣሽን ወደ ቤታቸው ልኳት፣ ደረት እንዴት እንደሚገፋ የተለማመደችው በአቶ አግማስ ገላ ላይ ነው። እጇን ስትሰስት፣ «ግፊ እንጂ፣ ሸክላ አይደለሁም» እያሉ አደፋፈሯት።

በየካቲት ወር መግቢያ ቀላል ጉንፋን ይዟቸው ደረታቸው ላይ ወረደ። ረቡዕ ዕለት ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ሐሙስ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ጧት፣ በወንበራቸው እንደተቀመጡ፣ ነፃነት የያዘችውን ስልክ አይተው «ቀዩን ሽቦ» አሏት፤ እርሷም አስተካከለችው፣ በራ። እናታቸው ሁለት እጇን ከጎድናቸው በታች አድርጋ ከሳላቸው ጋር እየገፋች ሳለ፣ «ይበቃል እማዬ» አሏት። ያልሰማች መስላ አንዴ ገፋች። ከዚያ በኋላ እጇን ሳታነሣ ያዘቻቸው እንጂ አልገፋችም፤ ጥቂት ቆይቶም ትንፋሻቸው ቆመ።

አቶ አግማስ ሞላልኝ አባታቸውን አቶ ሞላልኝን፣ እናታቸውን አትጠገብን፣ የሙያቸው ወራሽ እህታቸውን ነፃነትን፣ አስተማሪያቸውን አቶ ሸረፈዲንን፣ ግድግዳ እንጂ ሌላ የማይለያትን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ከሪማን እንዲሁም እዚህ የቆማችሁትን ሁሉ ትተው አልፈዋል። አልጋውና የአየር ከረጢቱ ለፋሲካ እንዲሰጥ በቃላቸው አዘዋል። ወይዘሮ አልጣሽ፣ እዚህ እንዳለሽ እናታቸው አይታሻለች፤ የሐዘን ቤት ነው ብለሽ እንዳትቀሪ። ነገ ጧት ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ አባታቸው አልጋውን በቁመቷ ልክ ያሳጥሩላታል፣ እናታቸውም አገፋፉን እጅሽ እስኪለምደው ድረስ ታሳይሻለች።

ለሕያዋን ሁሉ እስትንፋስን የሰጠ አምላክ የአገልጋዩን የወልደ ገብርኤልን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለቀረነው መጽናናትን፣ ለእናታቸውም ነገ በጧት የምትነሣበትን ጉልበት ይስጣት። አሜን።