ጠርዙን አትንካ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ እንደቆማችሁ ጥቂት ታገሡኝ። የሟቹ እህት «አደራ፣ አሳጥረው» ብላኛለች። ልክ ናት፣ ፀሐዩም በርትቷል። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ የፎቶ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ማሳጠር ነው። የሰው ፎቶ መቁረጥ። ዛሬ ግን አልቆርጥም።

ሹክሹክታችሁን ሰምቻለሁ። ከሳጥኑ ራስጌ የቆመችውን ፎቶ እያያችሁ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው? የሌላ ሰው ፎቶ ነው እንዴ ያመጡት?» ስትባባሉ ነበር። አዎ፣ ከመስኮቱ ኋላ ያሉት ሰውዬ እሱ አይደሉም። የአውቶብስ ሹፌር ነበሩ። ተሳስተን ግን አይደለም። ፎቶዋ ለምን እዚህ እንደቆመች እነግራችኋለሁ። ለዚህ ለተኛው ሰው በቁሙ ልነግረው የሚገባኝ አንድ ቃል ነበር። አልነገርኩትም። ዛሬ የቆምኩት እሱን ለመናገር ነው።

የጋዜጣችንን ፎቶ አንሺ ፌንጣ ነበር የምንለው። እናቱ ባወጡለት ስም ብትጠሩት ዞር አይልም፤ ፌንጣ ካላችሁት ግን ካለበት ዘሎ ይመጣል። አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሣል። ሻይ እንኳ እየተራመደ ነው የሚጠጣው። «አንተ ሰው፣ ቁም እስቲ» እለዋለሁ። «የቆምኩ ቀን ትቀብረኛለህ» ይለኛል። ይኸው።

ያ ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ሁላችንም ቤታችን ገባን። ረሳችሁት እንዴ? በር በክርናችን የከፈትንበትን፣ የገዛ እጃችንን የፈራንበትን፣ ልጅ ባሳለ ቁጥር ቀጥ ያልንበትን ጊዜ? ፌንጣ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቅም። ማስኩን አደረገ፣ ካሜራውን አነሣ፣ ወጣ። እኔ ከሳሎኔ ሆኜ በስልክ አዘዋለሁ። አምቡላንስ አምጣ። የሆስፒታል በር አምጣ። አልጋ አምጣ።

ምን አመጣልኝ መሰላችሁ? የዳቦ ቤት ሰልፍ። መሬቱ ላይ በጠመኔ ክብ ክብ ተሠርቷል፣ በየክቡ አንድ አንድ ሰው ቆሟል፣ ከመሀል አንዱ ክብ ውስጥ ደግሞ ውሻ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። በማግስቱ ፀጉር አስተካካይ አመጣ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ደንበኛ የለም፣ ሰውዬው መስታወቱ ፊት ቆሞ የራሱን ፀጉር ይቆርጣል። ደወልኩለት። «ይሄ ምኑ ነው ዜና?»

«ማጅራቱን እይልኝ» አለኝ። «ጠማማ ነው። አጠገቡ አንድ ሰው ቢኖር እንዲህ ይጣመም ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ያው እዚያ ጋ ቆመዋል፤ ዛሬ ማጅራታቸው ተስተካክሏል።

ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ተብለን አልነበር? ፌንጣ ሁለት ሜትር ሲባጎ ቆረጠ። አንዱን ጫፍ ከቀበቶው ያስራል፣ ሌላውን ለሚያነሣው ሰው ይወረውራል። «ጫፏን ያዝልኝ» ይላል። ሰውዬው ይይዛል፣ ሲባጎው ይወጠራል፣ ፌንጣ ያነሣል። ሲጨርስ «በቃ፣ ልቀቅ» ይላል። ማታ ማታ ሲባጎዋን በሳሙና ያጥባታል። እኔማ ሳቅሁበት። «ፎቶ ታነሣለህ ወይስ በግ ትጎትታለህ?» አልኩት። አልሳቀም። «ሰው ከሰው ጋር አንድ ነገር አብሮ ከያዘ ስንት ቀኑ ነው?» አለኝ።

እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ ያችን ሲባጎ የያዘ እጁን ያውጣ ብላችሁ፣ ስንቱ እጅ ይወጣል? እዩ። ኧረ እዩ ዙሪያችሁን።

አሁን ወደ ፎቶዋ ልምጣ። ስፈራ ስቸር ነው የምመጣው።

ጋሼ ሹፌሩ ሲታመሙ ምድር ቤት ያለችው ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ተዘጉ። መስኮቷ ወደ መንገዱ ናት። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቆመው እየሰሙኝ ነው። እትዬ ከባላቸው ጋር አንድ ክፍል መግባት ሲከለከሉ ምን አደረጉ? በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በርጩማቸውን ይዘው በውጭ ዞረው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። እዚያው ማስክ ይሰፋሉ። ጋሼ ከውስጥ ሆነው ስፌቱን ይመራሉ። «ጠመመብሽ፣ ወደ ቀኝ ያዢው!» ይላሉ። እትዬ ደግሞ «አንተ መሪህን ያዝ፣ መርፌውን ለእኔ ተወው» ይላሉ። ፌንጣ ይህን ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ተመላለሰ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቀው ሰው፣ እዚያች መስኮት ፊት ለፊት ተንበርክኮ ሰዓት ሙሉ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ አነሣት። ጋሼ ከመስታወቱ ኋላ እጃቸውን ወደ ግራ ዘርግተው መስታወቱን ነክተዋል። በግራው ጠርዝ ደግሞ የሴት እጅ ትገባለች፤ ጣቷ ላይ ክር ተጠምጥሟል፤ ያንኑ መስታወት ከውጭ ነክታለች። የእትዬ ፊት አይታይም። እጃቸው ብቻ።

ፎቶዋን የላከልኝ ገጹ ተዘግቶ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከሥሯ አንድ መስመር ጽፏል። «ጠርዙን አትንካ።» አላየሁትም ብላችሁ ደስ ባለኝ። አይቻለሁ። አንብቤዋለሁ። «ኤጭ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሲያበዛው» ብዬ ነው ያለፍኩት። የቀረኝ ቦታ ጠባብ ነበር፣ አንድ ዓምድ። ፎቶዋ ሰፊ ናት። እጇ ደግሞ ለእኔ ዓይን የማን እንደሆነች የማትታወቅ፣ ጥግ ላይ የምትረብሽ ነገር ነበረች። ቆረጥኳት። ጋሼ እጃቸውን ወደ ባዶ ዘርግተው ቀሩ። ከላዩ ርእስ ሰጠሁት። «ብቻቸውን።»

ፎቶዋ በወጣች በአምስተኛው ቀን ጋሼ አረፉ። እትዬ ሊቀብሯቸው እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተነሡት ፎቶ ያ ነበር። ጋዜጣውን ገዝተው እጃቸውን ፈለጉ። አገላብጠው ፈለጉ።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት፣ ለሥራ ቢሮ ገብቼ ሳለ ፌንጣ መጣ። ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቻለሁ። አልጮኸም። ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። «ብቻቸውን አልነበሩም» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከአንገቱ አውልቆ እላዩ ላይ አስቀመጠ። ወጣ። ሙሉዋን ፎቶ አትሞ ለእትዬ የወሰደላቸው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም። እኔ የእትዬን ደጅ ረግጬ አላውቅም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ «ብቻቸውን» የሚለውን ይዞ ቀረ። ሞኙ እኔ ደግሞ ኩራቴን ይዤ ቀረሁ። አራት ዓመት። ያ ሁሉ ችሎታ ያለው ሰው አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ያነሣ ነበር፣ እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ እቀይራለሁ። ይቅርታ አንድ ቃል ናት። ስንት ርእስ የሰጠሁ ሰው እሷን ማውጣት አቃተኝ።

ሆስፒታል ሲገባ እህቱ ደወለችልኝ። «ይጠይቅሃል፣ ና።» ገጽ እየዘጋሁ ነው አልኳት። ሁለተኛ ደወለች። ሄድኩ። ሰኞ ነበር። የክፍሉ በር ድረስ ደርሻለሁ፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል። ነርሷ «እባክህ ተኛ» ትለዋለች፣ እሱ «የተኛሁ ቀን ትቀብሩኛላችሁ» ይላታል። ሳቄ መጣ። ይሄ ሰው የትም አይሄድም አልኩ። እንዲህ እየተሟገተ የሚሞት ሰው አለ እንዴ? ነገ ረጋ ብዬ እመጣለሁ ብዬ ከበሩ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አረፈ።

ከዚያ ወዲህ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እዚያ በር ላይ አንድ እርምጃ ብጨምር ምን ነበረበት? አንድ እርምጃ። እጄን ማን ያዘኝ?

ትናንት እህቱ ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ፈለገች። የሰላሳ ዓመት ፎቶ አንሺ፣ የራሱ ፎቶ የለውም። መሳቢያ ተበረበረ፣ ሻንጣ ተገለበጠ። ሺህ ሰው ተገኘ፣ እሱ የለም። ይህን ሲሰሙ እትዬ ከግድግዳቸው ላይ አንድ ፎቶ አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «እዚህ ውስጥ አለ» አሉ። ማናችንም አላመንናቸውም።

እስቲ ቀረብ በሉ። ተራ በተራ እዩ። የጋሼን ፊት ተዉት። ወደ ግራ ሂዱ። የእትዬን እጅ አገኛችኋት? ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ ጠርዙ ላይ፣ መስታወቱ ውስጥ የሰው ነጸብራቅ አለ። ተንበርክኳል። ማስክ አድርጓል። ካሜራው ዓይኑ ላይ ነው። ከቀበቶው ሲባጎ ወጥታ ወደ እትዬ ሌላኛው እጅ ትሄዳለች። እሱ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ጸጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት እዚህ ነው። እኔ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ባልን ከሚስቱ ብቻ አልነበረም የቆረጥኩት። እሱንም ቆርጬ ጥዬዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም ነበር።

እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅር ይበሉኝ። ጋሼ ብቻቸውን አልነበሩም። የጻፍኩት ውሸት ነበር።

አንተም ፌንጣ፣ ጓደኛዬ፣ ይቅር በለኝ። ሰኞ በርህ ላይ ነበርኩ። ድምፅህን ሰምቼ ተመለስኩ። እንድታውቀው ነው።

እህትህ ሲባጎዋን እጅህ ላይ ቋጥራልሃለች። ሳጥኑ ሲዘጋ ጫፏ በክዳኑ በኩል ወጥታ ቀርታለች። ከመጣሁ ጀምሮ የያዝኳት እሷን ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ይዟት፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ያልያዝኳት።

ፎቶህን ሙሉዋን አቁመናታል። ጠርዟን ማንም አልነካም። ሁልጊዜ «በቃ፣ ልቀቅ» የምትለው አንተ ነበርክ፤ ዛሬ ቃሉን ለእኔ ተውክልኝ፤ እኔ ደግሞ መልቀቅ አላውቅበትም። ትንሽ ታገሠኝ።

እሺ። በቃ ፌንጣ። ለቀቅሁ። ደህና ሁን።