ወረቀትም ጥርሱ ይታያል

የእንጅባራ ዝናብ የማያገናኘው ሰው የለም። የዚያን ቀን ባይዘንብ ኖሮ አያ ምህረቴ ከቀጠሯቸው ቀድመው፣ ያለ ወንድማቸው ልጅ፣ ብቻቸውን የጠበቃ ዓባይነህን ቢሮ ደጃፍ ባልረገጡም ነበር።

ቢሮው ውስጥ የነበረችው የምሥራች ብቻ ናት። የምሥራች የሕግ ተማሪ ናት፤ ለምረቃ ጥቂት ሲቀራት ኮሌጇ ለአንድ ወር የሥራ ልምምድ እዚህ ላካት። ሕግ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው መሀል ሲሠራ አያለሁ ብላ ነበር የመጣችው። በሦስት ሳምንት ያየችው ግን የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የሻይ ቤቱን ደረጃና የጠበቃውን ጀርባ ነው።

ያን ጠዋት ጠበቃው ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ ሦስት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣለና፣ «ሀብቱ የሚባል ደንበኛ አጎቱን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው በየገጹ ግርጌ አሻራ ያኑሩ። ሌላ ነገር አትጨምሪ» ብሏት ሄደ።

አያ ምህረቴ የለበሱትን ፕላስቲክ ደጅ ላይ አራግፈው ገቡ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ሀብቱ ምስክሮቹን ሻይ እያጠጣ ነው። እኔን ዝናቡ ነድቶ አስገባኝ። በይ ጣቴን ቀቢኝና ልሂድ፤ ከብቶቼ ብቻቸውን ናቸው።»

የምሥራች ወንበር ሳበችላቸውና አሻራው የሚያርፍበትን ቦታ ለመፈለግ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ከግርጌው፣ «ይህ ውል ተነቦልኝ፣ ተረድቼው አሻራዬን አኑሬያለሁ» ይላል። እጇ ቆመ።

«አያ ምህረቴ፣ ወረቀቱ ተነቦልኛል ይላል። ተነቦልዎታል?»

«ተነቧል በያ! አንቺ አላነበብሽውም?»

«እኔ አይደለሁም ውል የምገባው፤ እርስዎ ነዎት። ላንብብልዎ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ምን እንዳለበት አውቀዋለሁ። ጥርባ ያለችውን ማሳዬን ሀብቱ ዲከረንስ ሊተክልባት ነው። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ አምስት ዓመት፤ ከዚያ ማሳዬ ለእኔ። አለቀ!»

«እንግዲያው ቢነበብ ምን ይጎዳል?»

«ይጎዳል እንጂ! ሀብቱን አባቱ ሲሞት በአምስት ዓመቱ ተቀብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አንብቡልኝ ብል ሌባ ነህ ማለቴ አይደለም? እኛ ዘንድ ቃል ይበቃል። ወረቀት የማይተማመኑ ሰዎች ያመጡት ነገር ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «ደግሞስ አንቺ ሻይ ስታመላልሺ ነው አሉ የምትውይው። ከመቼ ወዲህ ዳኛ ሆንሽ?» አሏት።

የምሥራች ፊቷ ጋለ፤ ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው የጋለው። የጠበቃው ትእዛዝም በጆሮዋ አለ። የልምምድ ውጤቷን የሚሞላው እሱ ነው። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። የኛ አገር ሰው በዚህ ዝምታ ስንት ማሳ እንደቀለጠበት የሚቆጥር ቢኖር መልካም ነበር፤ ሳይጠይቁ መፈረምን ጨዋነት ብለን ስም አውጥተንለታልና።

«አያ ምህረቴ፣ ፈረስ ገዝተው ያውቃሉ?»

«ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? የአዊ ሰው ሆኖ ፈረስ ያልገዛ አለ?»

«አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ?»

«ሳላይማ ሽማግሌውን ፈረስ በጎረምሳ ዋጋ ልግዛ?»

«ሻጩ ወንድምዎ ቢሆንስ?»

«ወንድሜም ቢሆን አያለሁ።»

«ሌባ አልከኝ ብሎ አይቀየምም?»

«ለምን ይቀየማል? ራሱ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል እንጂ። የሚቀየመውማ...» አሉና ቆም አሉ።

«የሚቀየመው ማን ነው?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«አንቺ የነገረኛ ልጅ! በይ ክፈቺው አፉን።»

የምሥራች ማንበብ ጀመረች። ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ከሁለተኛው አንቀጽ አላለፈም።

«...በጥርባ የሚገኘውን የእርሻ መሬቴን ጧሪዬ ለሆነው ለወንድሜ ልጅ ለአቶ ሀብቱ ከዛሬ ጀምሮ በስጦታ ለዘለቄታው የሰጠሁ መሆኔን...»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«አምስት ዓመት የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«ወደ ታችስ?»

እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። አያ ምህረቴ ጣታቸውን አዩት፤ ገና ቀለም አልነካውም። ክርክሩን የረታችው የምሥራች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሀብቱ ምስክሮቹን አስከትሎ ሲገባ እየሳቀ ነበር። «አባባ፣ ጨረሳችሁ?»

«ሀብቱ፣ አምስት ዓመት የሚለው የት ላይ ነው?»

ሀብቱ ያፈጠጠው አጎቱ ላይ ሳይሆን ተማሪዋ ላይ ነው። «አንብቢ ያለሽ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ያልኋት» አሉ አያ ምህረቴ። «ልጄ ካሳነሽ ከዳንግላ ትዳሯን ፈትታ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ የት ትገባለች?»

«እሷ አግብታ ወጥታለች! ያረስሁልዎት፣ ያጨድሁልዎት እኔ ነኝ!»

«አርሰህልኛል፤ አልክድም። ብትጠይቀኝ እኮ አካፍልህ ነበር።»

ከዚያ በአዊኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ አንዲት ቃል ተናገሩት። ሀብቱ አንገቱን ደፋ። ምስክሮቹ ጣራውን ሲያዩ ሽማግሌው ፕላስቲካቸውን አንስተው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃው የሆነውን ሲሰማ አልጮኸም። «እኔ ደንበኛዬ ያለኝን ጻፍሁ። የከፈለኝ እሱ ነው» አለ። «አንቺን ግን ምን አልሁሽ ነበር?»

በሳምንቱ ዓርብ የልምምዷ ወር አለቀ። የምሥራች የውጤት ቅጿን ይዛ ከቢሮው ደረጃ ላይ ቆማ ሳለ አያ ምህረቴ እሷኑ ፈልገው መጡ።

«ልነግርሽ ነው የመጣሁ» አሉ። «ማሳዋን ለካሳነሽ ሰጠኋት፤ በቃል አምኜም አልተውኋት፣ አጽፌ በሰው ፊት አስነበብሁት። አንዱን ቅጂ እኔ ያዝሁ፣ አንዱን እሷ። በእድራችንም ተነሥቼ ተናገርሁ፤ ሳይነበብ ጣት አይነከር፣ አንባቢውም የራስህ ሰው ይሁን፣ የታመነ ሰው ሲነበብ አያፍርም አልሁ። ሁለት ሰዎች ያን ዕለት ማታውኑ ወረቀታቸውን ይዘው የሚያነብላቸው ተማሪ ሲያስሱ ነበር። የአንዱ ደኅና ወጣለት። የሌላው እንደ እኔው ነው።» ከዚያ እጇን አዩ። «ይኼስ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ምንም አይደል።»

«አንብቢው።»

«አያ ምህረቴ...»

«አንብቢው እንጂ! ለእኔ ሲሆን ብቻ ነው የሚነበበው?»

አነበበችው። «ተለማማጇ የቢሮውን ትእዛዝ አታከብርም። ከደንበኞች ጋር ያለ ፈቃድ ትነጋገራለች። ለሙያው ያላት ብቃት ዝቅተኛ ነው። አላለፈችም።»

ሽማግሌው ወደ ቅጹ ጎንበስ አሉ። «ከታች ያለው ባዶ ቦታስ?»

«እኔ የምፈርምበት ነው።»

«ልትፈርሚ ነው?»

የምሥራች ቅጹን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ከፊርማዋ በላይ አንድ መስመር ጻፈች። ሳይጠይቋትም አነበበችላቸው፦ «አንብቤዋለሁ፤ አልስማማበትም።»

«እንዲህ ተብሎም ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«ስንት ያስከፍልሻል?»

«አንድ ዓመት። እንደገና ልምምድ እወጣለሁ።»

አያ ምህረቴ ወደ መንገዱ ዞሩ። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

«እኔን አንድ ልጅ፣ ሀብቱን፣ አስከፍሎኛል» አሉ። «ሳይነበብ ቢቀር ግን ካሳነሽም ተጨምራ ሁለት ልጅ ነበር።»