በጠፋ ሞተር

ሐይቁ ዳር፣ የመዝናኛ ሞተር ብስክሌቶችን ጩኸት የሚቆጣጠሩ ደንብ አስከባሪዎች በሚሠለጥኑበት ሜዳ፤ አሠልጣኟ ሳጅን አስካለች ሠልጣኙን ላንቃሞን አሁን ከተግባር ፈተናው ጥላዋለች።

ላንቃሞ፦ ወደቅህ ማለት ምን ማለት ነው? የድምፅ መለኪያውን ያዝኩ፣ ቁጥሩን አነበብኩ፣ ከወሰኑ በታች ነው!

ሳጅን፦ በታች ነዋ! በጠፋ ሞተር ምን ሊያነብልህ ኖሯል? የዓሣ ትንፋሽ?

ላንቃሞ፦ እኔ መቼ አጠፋሁት? እንድለካቸው ያስቆምኳቸው ጋሽ ዱካሌ ናቸው አጥፍተው የወረዱት።

ሳጅን፦ ለምን ወረዱ?

ላንቃሞ፦ ሰላም ሊሉኝ ነዋ!

ሳጅን፦ አንተስ?

ላንቃሞ፦ ተሳሳምን። ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ከብቱን ጠየቅኩ። ሰላምታ የእግዜር ነው፣ ሳጅን! አባቴን የሚያህሉ ሰው እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይመለሱና ሞተርዎ ላይ ይውጡ» ልበል?

ሳጅን፦ አዎ፣ በል! ሰውየው ሞተር አከራይ ናቸው። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ያስወለቁት ራሳቸው ናቸው። አንተን ስመው፣ መርቀው፣ ጨዋነታቸው ጥግ እስኪዞሩ ነው!

ላንቃሞ፦ ሽማግሌ አይዝለፉብኝ!

ሳጅን፦ አንተም ይሉኝታህን ደንብ ነው አትበለኝ! የምስክር ወረቀት የለም። በቃ!

ላንቃሞ፦ ይህን ሥራ ካጣሁ ምን ይዤ ቤቴ እገባለሁ? ባለቤቴ ታደለች የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። ትናንት ጤና ጣቢያ አስተኝተዋታል።

ሳጅን፦ የትኛው ጤና ጣቢያ?

ላንቃሞ፦ ይኸው፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው።

ሳጅን፦ ወይ ጉድ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ! የዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት እኮ ቀበሌ ድረስ እየሄደች አቤት ስትል የከረመችው! ማዳመጫዋን በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አድርጋ የፅንሱን ልብ ልትሰማ ስትል፣ የሚሰማት የእነዚህ ሞተሮች ጩኸት ነው። ባለፈው የአንዷ ልጅ ልቡ እየደከመ ሳትሰማ ቀረች።

ላንቃሞ፦ ልጁስ?

ሳጅን፦ ምን ልጅ አለ!

ላንቃሞ፦ ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም? ሳምንቱን ሙሉ ቁጥር ብቻ ሲያስነብቡን!

ሳጅን፦ ሰው ካልሞተ አታስከብርም? ይኸው፣ ስማ! ሰውየው ተመልሰው መጡ። ምድሩን እያናወጡት እጃቸውን ያውለበልቡልሃል።

ላንቃሞ፦ መለኪያውን ይስጡኝ።

ሳጅን፦ ፈተናው አልቋል አልኩህ እኮ!

ላንቃሞ፦ ፈተናዎን ይዘው ይቀመጡ! ይስጡኝ ብያለሁ! ጋሽ ዱካሌ! እንዳይወርዱ! ሞተሩንም እንዳያጠፉ፣ ሰላምታው ይቆየን!