በሽመና ማሽኖች መካከል ያስተማሩት የዶክተር ታክ ጁንግ-ሆ ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጆች ሆይ፣ ሟቹ ያማረ ውሸት አጥብቀው ይጠሉ ስለነበር፣ የሕይወት ታሪካቸው ሳይሸፋፈን ይነበብላችኋል።

ዶክተር ታክ ጁንግ-ሆ ከሽመና ማሽን ጠጋኙ ከአባታቸው ከአቶ ታክ ማን-ሶክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኩ ቦክ-ነዮ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በዴጉ ከተማ ተወለዱ። በሴኡል በንግድ ሥራ አመራር እስከ ዶክትሬት ከተማሩ በኋላ፣ እዚያው ይቀራሉ ሲባል በ1986 ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ከወይዘሮ ኖ ሚ-ሱክ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ፋብሪካ ያልረገጠ ሰው ስለ ፋብሪካ ማስተማር የለበትም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ አቶ ቦንግ ጌ-ሱ የሽመና ፋብሪካ ይሄዱ ነበር። ሸማኔዎቹ ያስቸገራቸውን ይናገራሉ፤ ተማሪዎቹ ያጠናሉ፤ የተገኘውም ውጤት፣ ደስ ቢልም ባይልም፣ ማሽኑ ቆሞ በሠራተኞቹ ፊት ይነበባል፤ ይህ የእሳቸው ሕግ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚቆጥረው በውጭ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ፣ ማዕረጋቸው ከተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፈቅ ሳይል ቆየ። ባልደረቦቻቸውም ኮታቸው ላይ የተጣበቀውን ብናኝ እያዩ፣ «ዶክተር፣ ዛሬም ጥጥ ሲነድፉ ዋሉ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2009 ገበያው ሲቀዘቅዝ አቶ ቦንግ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እዚሁ እንቆይ ወይስ ቬትናም እንሂድ? አጥኑና ቁርጡን ንገሩኝ» አሏቸው። ሸማኔዎቹ መላ ሊገኝልን ነው ብለው ለተማሪዎቹ ጥያቄ ሁሉ በደስታ መለሱ፤ ስኳር ድንች እየቀቀሉም አበሏቸው። ዓመት የፈጀው ጥናት ግን ፋብሪካው በዴጉ እንደማይዘልቅ አረጋገጠ። ዶክተር ታክ ሕጋቸውን ማፍረስ አልሆነላቸውምና ራሳቸው ቆመው አነበቡት። የሸማኔዎቹ ተጠሪ ወይዘሮ ፒ ጆም-ሱን፣ «አስተማሪ፣ ያን ሁሉ የጠየቃችሁን ለዚህ ነው?» አሉ። ጥናቱ በተነበበ በአራተኛው ወር ፋብሪካው ተዘግቶ አርባ አንድ ሰዎች ሥራ ፈቱ።

ያው ጥናት በውጭ መጽሔት ታተመ፤ ዩኒቨርሲቲውም ምርምርን፣ ማስተማርንና የፋብሪካን ሥራ አስተሳስረዋል ብሎ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ሰጣቸው። እሳቸው ግን ማዕረጉን አንድም ቀን በስማቸው ላይ አልጻፉትም፤ እኛም ዛሬ ዶክተር ያልናቸው ለዚሁ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ከመጽሐፍ እያነበቡ አስተማሩ፤ የትምህርት ክፍሉም ተመዝጋቢ አጥቶ ባለፈው ዓመት ተዘጋ።

በጨጓራ ካንሰር ተይዘው አልጋ ላይ ሲውሉ የአርባ አንዱን ሠራተኞች ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር፤ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ባለፈው ሰኞ አረፉ።

ዶክተር ታክ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሶ-ዮንንና ይህን የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ለሸማኔዎቹ ሁሉ በየአድራሻቸው መርዶ ልከን ነበር፤ ማንም አልመጣም፤ አንቀየማቸውም። አምላክ ሆይ፣ ወንድማችን ራሳቸውን ይቅር ሳይሉ ሄደዋልና፣ አንተ ይቅር በላቸው፤ ነፍሳቸውንም አሳርፍልን። አሜን።