የኮርቱባኒ ግንብ የማዕዘን ድንጋይ

ጆርጂያ ውስጥ፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ባለችው በትንሿ የኮርቱባኒ ከተማ፣ የታሪክ መምህሩ ጉራም መዶሻና መሮ ይዞ ከጎረቤቱ ከእትዬ ናቴላ የወይን ጠጅ ጓዳ ደጃፍ ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ በሩ መሃል በርጩማ አስቀምጠው ተደላድለዋል።

ጉራም፦ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው እኮ የጠየቅሁዎት፣ እትዬ ናቴላ።

ናቴላ፦ ከግድግዳዬ መሃል። አንተስ አንድ ጥርስ ብቻ ቢነቅሉህ ትስማማለህ?

ጉራም፦ ግድግዳው የእርስዎ አይደለም፤ የግንቡ ነው። ይህች ከተማ በሁለት ወንዞች መሃል፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ምሽግ ነበረች። ሦስት ጊዜ ተከብባ አልተደፈረችም። ጠላት ያልነካውን ግንብ የገዛ ሕዝቧ በጋሪ እየጫነ የአሳማ ጋጥ ሠራበት።

ናቴላ፦ አሳማዎቹ አላማረሩም።

ጉራም፦ ይኸው ነው የእናንተ ነገር። ነገ ከትብሊሲ ኮሚቴ ይመጣል። ሙዚየም የሚሠራው ከእኛና ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ በዕድሜ ለምትበልጠው ነው። እነሱ ዕድሜያቸውን የሚመሰክር ብራና አላቸው። እኛ ያለን ግንቡ የተሠራበት ዓመት የተቀረጸበት የማዕዘን ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱንም አጠፋችሁት።

ናቴላ፦ የሙዚየሙ ኃላፊ ማን ሊሆን ነው?

ጉራም፦ እሱን ኮሚቴው ይወስናል።

ናቴላ፦ ለካ ከረባት አስረህ ድንጋይ ልትፈነቅል የመጣኸው ለዚህ ነው።

ጉራም፦ አባትዎ ግንበኛ ነበሩ፤ ይህን ጓዳም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስላልተማሩ ምን እንደያዙ አላወቁም። አልፈርድባቸውም።

ናቴላ፦ እግዜር ይስጥልን። ስለ ግንቡ የጻፍኸውን መጽሐፍ እኮ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የቀረሁት።

ጉራም፦ እሱ መታሰቢያው ነው።

ናቴላ፦ «ግንቡን ከሕዝቡ ስግብግብነት ሲጠብቁ ለኖሩት ለአያቴ ለአቶ ቤሳርዮን» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ጉራም፦ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ናቴላ፦ የወይን ለቀማ ሰሞን ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለአባቴ ኖራ አቀብላለሁ። ቤሳርዮን ትልቅ ድንጋይ በሁለት በሬ አስጎትተው መጡ። ጽሕፈት አለበት፣ መስቀልም አለበት። በኮሚኒስቶቹ ጊዜ፣ መስቀል የሚያሳስርበት ዘመን ነበርና «ጽሕፈቱን ወደ ውስጥ አዙረህ ገንባው» አሉት።

ጉራም፦ ታዲያ እዚሁ ነዋ። ይነሡልኝ።

ናቴላ፦ ተነሣሁልህ። ግን አባቴ የራሱን ጓዳ እየሠራ ነበር ያልሁት መቼ ነው?

ጉራም፦ የማንን ነበር ታዲያ?

ናቴላ፦ የቤሳርዮንን ቤት። አንተ የምትኖርበትን። መኝታ ቤትህ ማዕዘን ላይ፣ ከታች ነው ያለው፤ ጣሪያው የቆመው በእሱ ነው።

ጉራም፦ ይህን... ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?

ናቴላ፦ በሬዎቹ ሞተዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጉራም፦ ነገ ኮሚቴው ቢጠይቅዎት ምን ይላሉ?

ናቴላ፦ ለዚያ ድንጋይ ይቺ መዶሻህ አትበቃም። የአባቴ ዲጂኖ ከበሩ ኋላ አለልህ፤ ውሰድና ስትጨርስ መልስልኝ።